የዕድራችን የስልክ መዝገብና የቁልፉ ነገር
(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)



 በዚህ ዓመት የተለዩንን ነፍስ ይማርልን።

ሰብሳቢያችን «ስለ ስልኩ መዝገብ እርስዎ ይናገሩ» ባሉን ጊዜ ደንገጥ ብለን ነበር። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜያችንን ያሳለፍነው በመዝገብ ቤት ነው፤ ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስናወጣና ስንመልስ፣ ማኅተም ስንመታ። ኮምፒዩተር የሚሉትን በቅርብ ያየነው ጡረታ ልንወጣ ስንል ነው። ነገር ግን ልጆቹ ሥራውን ቀስ አድርገው ሲያስረዱን፣ ግማሹ ዱሮ የምናውቀው ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የምናውቀውን ከማናውቀው ሳንቀላቅል እንናገራለን። እናንተም ታገሡን።

ነገሩን ከመነሻው እንጀምር። እንደምታስታውሱት፣ ኮምፒዩተር የተማሩ ሁለት የሰፈራችን ልጆች የመዋጮ መዝገባችንን በስልክ የሚታይ አድርገው ሠሩልን። አምስት ሳንቲም አልጠየቁንም፤ እግዜር ይስጣቸው። እዚህ ዱርቤቴ ያለውም፣ ባሕር ዳር የሄደውም፣ አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ የሰነበተውም አባል መዋጮውን ማየት ቻለ። ሁላችንም ደስ አለን።

በሩ ግን አንድ፣ ቁልፉም አንድ ነበር። መግቢያው «ዕድር» የሚል አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ነው። ቃሉን መጀመሪያ ሰባታችን የኮሚቴ አባላት ብቻ ነበር የምናውቀው። ከዚያ አንዱ ለልጁ ነገረ፤ ልጁ ለጓደኛው ነገረ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ግማሹ ሰፈር አወቀው። ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ብቻ ነው የቀረው።

አምና በነሐሴ የአንዲት እናታችን ባለቤት ዐረፉ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ። ገንዘብ ያዡ ስልኩን ሲከፍት በእናታችን ስም የሰባት ወር ውዝፍ ተጽፏል። በደንባችን ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት ቤት ገንዘቡ ይያዝበታል። እናታችን «እረ እኔ ከፍያለሁ» አሉ። እኛ ስልኩን አመንን። በዚያው ቀን እጃቸው መግባት የነበረበት ገንዘብ ሳይገባ ቀረ፤ ለለቀስተኛው የቀረበው እንጀራ በጎረቤት ዱቄት ተጋገረ።

በሦስተኛው ቀን እናታችን ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ደረሰኞቹን አወጡ። ሰባቱም አሉ። በሰባቱም ላይ የገንዘብ ያዡ ፊርማ አለ። ማን ቀና ብሎ ያያቸው? ገንዘቡን ወዲያው ሰጠናቸው፤ ሽማግሌ ልከንም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ይቅር ብለውናል። ቢሆንም ለቅሶ ላይ የደረሰ ነገር በይቅርታ ብቻ አይረሳም።

ታዲያ መዝገቡን ማን ለወጠው? ስልኩ ሲጠየቅ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ «ዕድር» ይላል። ሁሉም የገባው በዚያ ስም ነው። አንዱ ገንዘብ ያዡን ጠረጠረ፤ አንዱ ልጆቹን ጠረጠረ። እኛም ጸሐፊ ነንና በዚያ መዝገብ ላይ እንሠራ ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥተን «የእኛው ጣት ይሆን እንዴ?» ብለን አሰብን። ዓይናችን ደክሟል፤ የሌላውን መስመር እናርማለን ብለን የእሳቸውን ነክተን ይሆናል። አዎ ለማለትም፣ አይደለም ለማለትም ማስረጃ የለንም። ይኸው እስከ ዛሬ የለንም። ወረቀቱ ማን እንደ ጻፈበት ያውቃል፤ ስልኩ አያውቅም። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ቀረ፤ ንጹሑም ንጹሕ መሆኑን ማስረዳት ሳይችል ቀረ። ዛሬ የምንናገረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ ዱሮ በመሥሪያ ቤት እንዴት እንደምንሠራ እናስታውስ። ንብረት የፈለገ ክፍል በሞዴል 20 ይጠይቃል። ኀላፊው አይቶ ይፈርማል። ግምጃ ቤቱ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል። የሚገባው ንብረት በሞዴል 19 ይገባል፤ ገንዘብ ሲሰበሰብ ደግሞ ሞዴል 64 ይቆረጣል። የጠየቀው አያጸድቅም፤ ያጸደቀው ከመደርደሪያ አያወርድም። እንዲህ የሚደረገው ሁሉም ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። አንድ ነገር ሲጎድል በየትኛው እጅ ላይ እንደ ጎደለ እንዲታወቅ፣ የቀሩትም እጆች እንዲጠሩ ነው። በአንድ ቁልፍ የገባንበት የስልክ መዝገብ ይህን ሁሉ ረስቶ ነበር። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ የእኛ ነው። ቤት ሠርተን በሩን ረሳን።

አሁን ልጆቹ በሩን እየሠሩ ነው። ሥራው ሁለት ጥያቄ ነው ይላሉ። አንደኛው «ማን ነህ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ምን ለማድረግ ተፈቅዶልሃል?» የሚል ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ አይደሉም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እናብራራ። ልጆቹ መዝገቡ «ሰርቨርለስ» ነው ይላሉ፤ ሰርቨር አልባ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ «ታዲያ መዝገባችን አየር ላይ ነው እንዴ ያለው?» ብለን ጠየቅን። ሳቁብን። ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። እያንዳንዳችን ወፍጮ አንገዛም። ዳጉሳችንን ተሸክመን እንሄዳለን፤ ባለወፍጮው ይፈጭልናል፤ በፈጨነው ልክ እንከፍላለን፤ ሞተሩ ቢበላሽ ጭንቁ የእሱ ነው። እንደዚሁም ትላልቅ ኩባንያዎች በውጭ አገር ብዙ ኮምፒዩተር ተክለዋል። አማዞን የሚባለው ኩባንያ ይህን ዓይነቱን አገልግሎት በ2014 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ ጎግልና ማይክሮሶፍትም ተከትለዋል። የእኛ መዝገብ ሲጠራ ይነሣል፤ የታዘዘውን ይሠራል፤ ተመልሶ ይተኛል። ለሠራበት ብቻ ይከፈላል፤ እንደ እኛ ላለ ትንሽ ዕድር ወጪው እምብዛም ነው።

ነገር ግን ይህ ወፍጮ አንድ ጠባይ አለው። ቅድም የመጣውን ሰው አሁን አያስታውሰውም። በመጣህ ቁጥር «ማን ነህ?» ይልሃል። ስለዚህ በየጊዜው የሚያሳዩት ወረቀት ያስፈልጋል። ወደዚያ እንመለስበታለን።

አንደኛው ጥያቄ «ማን ነህ?» ነው። ከእንግዲህ «ዕድር» የሚባል መግቢያ የለም። እያንዳንዱ በራሱ ስም፣ በራሱ ስልክ ቁጥርና በራሱ የይለፍ ቃል ይገባል። አንዳንዶቻችሁ «ቃሌን ልጆቹ አያዩትም ወይ?» ብላችኋል። በደንብ ከተሠራ አያዩትም። የይለፍ ቃሉ እንዳለ አይቀመጥም፤ ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው። ዱቄት ወደ እህል አይመለስም። እናንተ እንደገና ስትመጡ ያመጣችሁት ቃል በዚያው ወፍጮ ይፈጭና ዱቄቱ ከተቀመጠው ዱቄት ጋር ይተያያል። አንድ ከሆነ በሩ ይከፈታል። ይህን ሥራ ልጆቹ ራሳቸው አይፈጥሩትም፤ ባለወፍጮዎቹ ኩባንያዎች የተዘጋጀ አላቸው። ልጆቹ እንደሚሉት በሩን ከሚያውቅ ባለሙያ መግዛት እንጂ ቁልፍ በቤት መቀጥቀጥ ደግ አይደለም። እኛም ተስማምተናል።

በተጨማሪ ገንዘብ ለሚነኩት የኮሚቴ አባላት በስልክ መልእክት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ይላክላቸዋል። ቴሌብር የምትጠቀሙ እንዲህ ያለውን ቁጥር ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ አደራ እንላለን። ያንን ቁጥር ለማንም አትንገሩ። «ከቢሮ ነው የምደውለው» ቢልም፣ ድምፁ የሚያውቁት ሰው ቢመስልም አትንገሩ። ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው በሩን አይሰብርም፤ ለምኖ ነው የሚወስደው።

በአገር ደረጃም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ እየተሰጠ ነው። የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አሻራና ፎቶግራፍ ተወስዶ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ብዙዎቻችሁ ተመዝግባችኋል። ፋይዳ የሚመልሰው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ማን መሆንህን ይናገራል እንጂ የዕድሩን ካዝና ክፈት ብሎ አይፈቅድልህም። ይህን ለይታችሁ ያዙልን። ደግሞም ቁጥሩን በየስልኩ አትበትኑት፤ ዕድራችንም ከአባላቱ ይህን ቁጥር አይጠይቅም።

ስለ ወረቀቱ ቅድም እንመለስበታለን ብለን ነበር። በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። በደርግ ዘመን ከአገር አገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይያዝ ነበር። ኬላ ላይ ያለው ሰው አያውቅህም። ስምህን ያነባል፣ ማኅተሙን ያያል፣ ቀኑን ያያል፤ አለፈ። ቀበሌው ድረስ ሄዶ አይጠይቅም። የስልኩም መዝገብ እንደዚያው ነው። አንዴ ማንነትህ ከታወቀ ማኅተም ያለበት የይለፍ ወረቀት ይሰጥሃል፤ ቶከን ይሉታል። ከዚያ በኋላ በነካህ ቁጥር ስልክህ ያንን ወረቀት ያሳያል። አንድ ፊደል ቢፋቅበት ማኅተሙ ይክዳል፤ ተቀባይነት የለውም።

ወረቀቱ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ጽሑፉን ያገኘው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ማኅተም ከመፋቅ ይከላከላል እንጂ ከመነበብ አይከላከልም። ስለዚህ ምሥጢር አይጻፍበትም። ሁለተኛ፣ ቀኑ እስኪያልፍ ይሠራል። ዛሬ ጠዋት ከኀላፊነቱ የወረደ ሰው ወረቀቱ እስከ ማታ የሚያገለግል ከሆነ እስከ ማታ ኬላውን ያልፋል። ለዚህም ነው የእኛ ወረቀት ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን የተደረገው። ሰዓቱ ሲያልፍ ስልኩ ራሱ አዲስ ይጠይቃል፤ ሰውየው ከወረደ ግን አይሰጠውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። «ምን ለማድረግ ተፈቅዶልሃል?» የሚለው ነው። ይህ ካልተጠየቀ የመጀመሪያው ብቻውን አያድንም። ለምሳሌ በመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ችግር ደርሶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ ጠላፊ ከውጭ እንዳልገባበት ተናግሯል። የወጣውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን የባንኩ ፕሬዚዳንት ገልጸዋል። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች በየራሳቸው ስምና በየራሳቸው የምሥጢር ቁጥር ነበር የገቡት። «ማን ነህ?» ተብለው ትክክለኛውን መልሰዋል። የጎደለው «ይህ ገንዘብ ይገባሃል ወይ?» የሚለው ነው። ደግሞ ሌላውን ወገን ተመልከቱ። ስማቸው ታውቆ ስለነበር ባንኩ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ ለይቶ ጠየቀ፤ በቀናት ውስጥም አብዛኛው ተመለሰ። ሁሉም በአንድ ስም ገብተው ቢሆን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር? የእኛ ዕድር ያጣው ይህን ነው።

ስለዚህ በስልኩ መዝገብ ላይ የሥራ ድርሻው እንደሚከተለው ተዘጋጅቷል።

1ኛ) አባል፤ የራሱን ቤት መዋጮ ያያል። የሌላውን አያይም፤ ምንም አይለውጥም።

2ኛ) ገንዘብ ያዥ፤ የተከፈለውን ይመዘግባል። የመዘገበውን ግን አይሰርዝም።

3ኛ) ጸሐፊ፤ አዲስ አባል ያስገባል፣ ስምና አድራሻ ያርማል። የገንዘቡን ዓምድ አይነካም። ይህ እኛን ራሳችንን ማለት ነው፤ ደስ እያለን ተቀብለናል።

4ኛ) ንብረት ያዥ፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱንና ሰሃኑን ሲወጣና ሲገባ ይመዘግባል።

5ኛ) ሰብሳቢ፤ ወጪ ያጸድቃል። ራሱ አይጽፍም።

6ኛ) ተቆጣጣሪ፤ ሁሉን ያያል። አንዳች አይነካም።

እዚህ ላይ ከልጆቹ የተማርነው አንድ ትልቅ ነገር አለ። መጀመሪያ ሲያሳዩን፣ በአባል ስልክ ላይ «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ እንዳይታይ አድርገው ነበር። እኛም «በቃ ተዘጋ» አልን። ታላቁ ልጅ ግን «አባባ፣ ይህ በር ላይ መጋረጃ መጋረድ ነው እንጂ መቆለፍ አይደለም» አለን። የሚያውቅ ሰው ቁልፉን ሳያይ ትእዛዙን በሌላ መንገድ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን መዝገቡ ባለበት ቦታ ነው። ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ማኅተሙን ያያል፤ ድርሻውን ያያል፤ የማይገባው ከሆነ ይመልሰዋል። ግምጃ ቤት ጠባቂ የሚቆመው ግምጃ ቤቱ በር ላይ እንጂ ገበያ መሐል አይደለም።

ስለ ስሕተትም እንናገር። በመዝገብ ቤት የተሳሳተ አኃዝ አይፋቅም ነበር። በቀይ አንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፣ ያረመው ይፈርማል። የቀድሞውም ይነበባል። በስልኩም እንደዚያው እንዲሆን ጠይቀናል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ በሌላ ገጽ ይጻፋል፤ ያንን ገጽ ሰብሳቢውም ቢሆን አይሰርዘውም።

ሦስት ቀሪ ጉዳዮች አሉ። ሦስቱም የሰው ጉዳይ ናቸው።

የመጀመሪያው የዋናው ቁልፍ ነገር ነው። ድርሻ የሚሰጠውና የሚነሣው ማን ነው? እስከ ዛሬ ዋናው ቁልፍ በአንድ ልጅ እጅ ነበር። ልጁ ደግ ልጅ ነው። ግን ሰው ነው፤ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፣ ይታመማል። ዕድር ደግሞ ሞትን የሚያውቅ ማኅበር ሆኖ ለዚህ ሳይዘጋጅ መቅረት የለበትም። የቤተ ክርስቲያንን ሙዳየ ምጽዋት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ስለዚህ ዋናውን ቁልፍ ሁለት ሰዎች እንዲይዙት፣ መመለሻውም በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ኮሚቴ በተለወጠ ዕለት የወረዱት ሰዎች ድርሻ በዚያው ቀን እንዲነሣ ሐሳብ እናቀርባለን። እንዲህ ሲደረግ ማንም ቅር አይበለው። ማኅተም አስረክቦ መውጣት ውርደት አይደለም፤ እኛም አስረክበን ወጥተናል።

ሁለተኛው ስልክ የሌላቸውና ማንበብ የማይችሉ አባላት ነገር ነው። በዕድራችን ጥቂት አይደሉም። እነርሱን «ተማሩ» ብለን ከለቅሶ አናስወጣቸውም። የሚያምኑትን ልጅ ወይም ጎረቤት ወኪል ያደርጋሉ፤ ወኪሉ በራሱ ስም ይገባል፤ የሚያየውም የእርሳቸውን መስመር ብቻ ነው። የእርሳቸውን የይለፍ ቃል ተቀብሎ በእርሳቸው ስም መግባት ግን አይፈቀድም። ያ ወደ ቀድሞው «ዕድር» መመለስ ነው። ደግሞም ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ ተቸገረ የቤት ገመና ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ኀላፊነት አለበት። አዋጁ ባይወጣም እንኳ ይሉኝታው ነበረን።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ ታውቃላችሁ። ሞት ግን ኔትዎርክ አይጠብቅም። ስለዚህ የወረቀት መዝገባችን አይቀርም። በየወሩ መጨረሻ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ደረሰኝም እንደ ቀድሞው በፊርማ ይቆረጣል። እናቶቻችን ሆይ፣ ቋጠሯችሁን አትፍቱ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ አንዳንድ ሰው «እርስ በርሳችን ተማምነን የኖርን ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ቁልፍ ለምን?» ይለናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም ለረጅም ጊዜ እንዲህ እናስብ ነበር። ግን መተማመናችንን ያደፈረሰው ቁልፍ አይደለም፤ የቁልፍ አለመኖር ነው። ገንዘብ ያዣችን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም ያላጎደለ ሰው ነው። ከዚያ ክረምት በኋላ ግን ገበያ ላይ አንዳንዱ ሰላምታውን አሳጠረበት። ስሙ በሥራው ላይ ቢኖር ኖሮ ማንም አይጠረጥረውም ነበር። በሠራነው ላይ ስማችንን መጻፍ ለሌባው ወጥመድ ብቻ አይደለም፤ ለታማኙ ጋሻ ነው።

እንግዲህ ከላይ የተዘረዘረው የሥራ ድርሻ፣ የዋናው ቁልፍ አያያዝና የወኪሎች ደንብ ለጉባኤው ቀርቧል። የጎደለውን አክሉበት፤ ያበዛነውን ቀንሱት፤ ከዚያ በእጃችሁ አጽድቁት።

ያቺ እናታችን ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። ከስብሰባው በፊት «ልናገር ወይ?» ብለን ፈቃድ ጠይቀናቸዋል። «ተናገሩ፤ በእኔ የደረሰ በሌላ ባልቴት አይድረስ» ብለውናል። ከዚህ የተሻለ ቃል እኛ የለንም።

ዕድራችንን ያጽናልን፤ የመጪውን ዓመት ጥሩምባ ያሳንስልን።